ከወለሉ ሥር ያለው አየር

አባቴ ግንበኛ ነበር። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ከገበያው ጀርባ ከነበሩት የድንጋይ ቤቶች ብዙዎቹን የሠራው እሱ ነው። ዛሬ ግማሾቹ ፈርሰው ፎቅ ተተክቶባቸዋል። ያኔ ግን፣ ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ፣ ከእሱ ጋር ሰፈር ውስጥ መሄድ ጊዜ ይፈጅ ነበር። ከሰው በፊት ግድግዳ ሰላም ይላል። ማዕዘኑን ዳሰስ ያደርጋል፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፣ ከዚያ ነው ለቤቱ ባለቤት እጁን የሚዘረጋው።

የእኛ ቤት ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሼቻ በሚያወጣው ዳገት ግርጌ ነበር። ሦስት ክፍል አለው። የኋለኛው ክፍል ዳገቱን ቆርጦ የገባ ስለነበር ጀርባው ከአፈሩ ጋር ተጣብቋል። አባቴ የሠራበት ድንጋይ እንደ ሌላው ሰው ጥቁር ድንጋይ አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ገደል ሥር ያገኘው፣ ነጣ ያለ ድንጋይ ነው። "ጥቁሩ ይከራከራል፤ ነጩ ለመሮ ይታዘዛል" ይል ነበር። ሲጠርብ የሚተርፈውን ፍርክስካሽና ብናኝ አይጥልም። ሌሎች ግንበኞች ለወለል ሙሌት ገረጋንቲ ከሩቅ ሲያስጭኑ እሱ የራሱን ፍርክስካሽ ጠቅጥቆ በላዩ ሊሾ ያፈስሳል። ይህንን ከማንም አልተማረም፤ ራሱ ያሰበው ነው፣ ይኮራበትም ነበር።

እናቴ የሞተችው በዚያ በኋለኛው ክፍል ነው። ወባ ደጋግማ ትጥላት ስለነበር አባቴ ክፍሉን ትንኝ እንዳይገባ ብሎ ደፈነው። መስኮቱን አጠበበ፤ በኮርኒሱና በግድግዳው መካከል የነበረውን ክፍተት በሲሚንቶ ሞላ። ሁለቱም ለዓመታት እዚያ ተኙ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ሳል ጀመራት። ሐኪሞቹ ሳንባዋ ላይ እብጠት አለ አሉ። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ከዓመት በኋላ ቀበርናት፤ አባቴም አልጋውን ወደ ፊተኛው ክፍል አዛወረ።

ትምህርቴን ስጨርስ የሥራ ምደባ ዕጣዬ ገዛ ከተማዬ ላይ ጣለኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ጀመር። ሁለት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር በአውቶቡስ አንድ ካርቶን ላኩልኝ። ስከፍተው ሃያ ትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያዎች ተደርድረውበታል። የእያንዳንዱ ኩባያ ታች የጣት ጥፍር የምታህል ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ተለጥፎበታል፤ አፉ በወረቀት ተሸፍኗል። ከሥሩ ደብዳቤ አለ።

ደብዳቤው የሚለው ይህን ነበር። ራዶን የሚባል ጋዝ አለ። ከአፈርና ከድንጋይ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ሜዳ ላይ ነፋስ ይወስደዋል፤ ቤት ውስጥ ግን ከወለል ሥር ገብቶ ይጠራቀማል። ኩባያው በአንድ ቤት ሦስት ወር ከተቀመጠ፣ ጋዙ በፕላስቲኳ ላይ በዓይን የማይታይ ጭረት ይተዋል። ላቦራቶሪ ገብታ ስትታጠብ ጭረቱ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። "በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ቤቶች ምን እንደሚመስሉ ማወቅ እፈልጋለሁ" ይላል ደብዳቤው። "ጭቃ ቤትም፣ ብሎኬትም፣ ድንጋይም ምረጪልኝ።"

ከቀበሌ ፈቃድ አውጥቼ ቤት ለቤት ዞርኩ። ኩባያዋን ለሰው ማስረዳት ትምህርት ከማስተማር ይከብድ ነበር። ከገበያው አጠገብ ቅቤ የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ኩባያዋን አገላብጣ አየቻት።

"የምናወራውን ትሰማለች?" አለችኝ።

"አትሰማም።"

"ታዲያ ምን ልትሠራ ነው?"

"ዝም ብላ ትቀመጣለች።"

"ዝም ብሎ መቀመጥማ እኔም እችላለሁ" አለችና መደርደሪያዋ ላይ ቦታ ሰጠቻት። ከሦስት ወር በኋላ ስመጣ ጨው ተሞልታ አገኘኋት። ያቺኛዋ ከቁጥር ወጣች።

አንዷን ተራራው ላይ ወዳለችው መንደር ወደ ኦቾሎ ይዤ ወጣሁ፣ ወደ አባቴ ታላቅ እህት። አክስቴ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ትኖራለች። ቤቷ እንጨትና ቀርከሃ፣ ጣሪያው ሣር ነው፤ ደጃፏ ላይ ሲቆሙ አባያ ሐይቅ ከታች ተዘርግቶ ይታያል። አባቴ የድንጋይ ቤት ልሥራልሽ እያለ ዓመታት ለምኗታል። እሷም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበራት። "ገና ሳልሞት ድንጋይ ውስጥ ልትቀብረኝ ነው?" ትለዋለች በጋሞኛ፣ ሁላችንም እንስቃለን። እናቴ ከሞተች በኋላ ግን ያ ቀልድ መሳቂያ መሆኑ ቀረ። አክስቴ ዳግመኛ አላለችውም፤ አባቴም ስለ ቤት አንስቶባት አያውቅም። ለበዓል ብቻ ሆነ የሚገናኙት። እናቴ በሕይወት ሳለች ግን አክስቴ በየገበያው ቀን እኛ ቤት ነበረች።

ኩባያዋን ተቀብላ ምሰሶው ላይ አንጠለጠለቻት። ሌላዋን እኛ ቤት፣ በዚያ በኋለኛው ክፍል አስቀመጥኩ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ "የእኔን ቤት ለምን ትለኪያለሽ? ስትሠራ አይተሻት የለ" አለኝ። አማርኛ ሲናገር ቤት ሁልጊዜ ሴት ናት። እኔም ለማነጻጸሪያ ነው አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት፤ የከተማው ምርጥ ቤት የእኛ እንደሆነ አልጠራጠርም ነበር።

ጊዜው ሲደርስ ኩባያዎቹን ሰብስቤ ላክሁ። መልሱ ለመምጣት ወራት ፈጀ። ፕሮፌሰሩ የቤቶቹን ባለቤቶች ስም አያውቁም፤ የሚያውቁት ቁጥር ብቻ ነው። ከሠንጠረዡ ሥር በእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ የሚል ነበረ። "ቁጥር ሰባት ከሁሉም በብዙ ይበልጣል። ቁጥር አራትና አሥራ ሁለት ይከተላሉ። እባክሽ ስለ እነዚህ ቤቶች ወለል ጻፊልኝ። ከሥሩ ምን ተሞልቷል?"

ቁጥር ሰባት የኛ የኋለኛ ክፍል ነው። አራትና አሥራ ሁለትን የሠራው አባቴ ነው፤ በዚያው ድንጋይና በዚያው ሙሌት። የአክስቴ ጎጆ ከዝቅተኞቹ አንዷ ነበረች።

ደብዳቤውን ሁለት ሳምንት በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። ክፍል ውስጥ ገብቼ ስለ ብርሃን እያስተማርኩ ሐሳቤ ወለሉ ላይ ነው። ዝም ብልስ? ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። በዚያ ክፍል አሁን የሚተኛ የለም። ግን አራትና አሥራ ሁለት ውስጥ ልጆች አሉ።

አንድ እሑድ ከጸሎት ቤት ተመልሰን፣ አባቴ ማንጎው ሥር ተቀምጦ መሮውን ሲስል አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ የኩባያዎቹ ውጤት መጥቷል።"

"መጥፎዋ ቤት የማን ናት?"

"የእኛ። የኋለኛው ክፍል።"

መሮውን መሳል አላቆመም። "ድንጋዩ ነው?" አለ።

"ድንጋዩ ጥቂት ነው የሚያወጣው። ዋናው ከታች ነው። አፈሩና ሙሌቱ። ድንጋይ ሲደቅቅ ጋዙ በቀላሉ ይወጣል። ሊሾው ደግሞ በግድግዳው ጥግ ተሰንጥቋል፤ በዚያ ይገባል። ከገባ በኋላ መውጫ የለውም።"

"መውጫውን እኔ ነኝ የደፈንኩት።"

"ለትንኝ ነው የደፈንከው፣ አባባ።"

"ምን ያደርጋል ይሄ ጋዝ?"

ለዚህ ጥያቄ ሳምንት ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን አጭር ነው። "ብዙ ዓመት ከተነፈሱት ሳንባ ይጎዳል" አልኩ።

መሮውን በጨርቅ ጠቅልሎ ተነሣ። የኋለኛውን ክፍል በር ከፍቶ መቃኑ ላይ እጁን አስደግፎ ቆመ። ሳይገባ ቆይቶ መልሶ ዘጋው። በማግስቱ ሥራ አልሄደም፤ በሦስተኛውም ቀን አልሄደም። የሚያስገነቡት ሰዎች ቤታችን ድረስ መጥተው ታመመ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ደክሞታል አልኳቸው።

ስለ ወለሉ የምችለውን ሁሉ ለፕሮፌሰሩ ጻፍኩላቸው። ስለ እናቴ ግን አልጻፍኩም። በትምህርት ቤት ዕረፍት ራሳቸው መጡ። ረጅምና ቀጭን፣ ፀሐዩን የማይችሉ ሰው ነበሩ፤ ጥላ ይዘው ነው የሚሄዱት። ድንጋዩ የወጣበትን ቦታ ማየት ፈለጉ። አባቴ እኔ አሳያቸዋለሁ አለ። ስለ ጉዳዩ ከተናገረ ከወር በላይ ሆኖት ስለነበር ገረመኝ።

ሦስታችን በእግር ወጣን። ገደሉ ሥር ስንደርስ ፕሮፌሰሩ ከቦርሳቸው ጨረር የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አውጥተው ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አስጠጉት። አልፎ አልፎ ጠቅ ይላል። ወደ ነጩ ሲያዞሩት ጠቅታው ቶሎ ቶሎ ሆነ፤ ያን ያህል አይደለም፣ ግን ልዩነቱ ይሰማል። አባቴ ጎንበስ ብሎ ሰማ። ከዚያም ቀና አለ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት?" አላቸው።

"ይጠይቁኝ።"

"ሚስቴ የሞተችው በሳንባ ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ። እኔ ነኝ የገደልኳት?"

ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ አዩ። በደብዳቤዬ ያልነገርኳቸው ይህንን ነበርና ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። ጥላቸውን አጥፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ አባቴንም በእጃቸው አጠገባቸው እንዲቀመጥ ጠቆሙት።

"አባት፣ አላውቅም" አሉት። "የሚያውቅም የለም። አንድ ሺህ ሰው ቢሰበሰብ ይህ ጋዝ ጉዳት ያበዛል ማለት እችላለሁ። ስለ አንድ ሰው ግን መናገር አልችልም። ይህንን ጋዝ ሳይተነፍሱ በዚያው ሕመም የሚሞቱ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተንፍሰውት ምንም የማይሆኑም አሉ። ባለቤትዎ ምግብ የሚያበስሉት በእንጨት ነበር?"

"በእንጨት ነው። ከልጅነቷ ጀምራ።"

"የእንጨቱ ጭስም አለ። አይደሉም ብልዎት እዋሽዎታለሁ፤ ነዎት ብልዎትም እዋሽዎታለሁ።"

ከበላያችን ዝንጀሮዎች ጠጠር እየናዱ ያልፋሉ። እኔ አለቅሳለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀስኩም። አባቴ ግን በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ፣ ላብ እንደሚጠርግ ሰው።

"እሷን ትንኝ እንዳይነካት ነበር የፈለግኩት" አለ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

"አሁን ምን ይደረጋል?"

ፕሮፌሰሩ እንጨት አንሥተው አፈሩ ላይ ቤት ሣሉ። ሙሌቱ ይውጣ፣ በምትኩ ከወንዝ የመጣ ጠጠር ይግባ፣ ከጠጠሩ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ተዘርግቶ በጀርባው ግድግዳ በኩል ከጣሪያው በላይ ይውጣ፤ ጋዙ ቤቱን ትቶ በቧንቧው ይወጣል አሉ። ስንጥቁ ይደፈን፣ መስኮቱ ይስፋ፣ ለትንኙ ወንፊት ይደረግበት። አባቴ ሥዕሉን ዞሮ ከሌላ ወገን አየው። እንጨቱን ከእጃቸው ተቀብሎ ቧንቧውን ትንሽ ወደ ጥግ አስጠጋው።

"መሃል ላይ ከሆነች የምሰሶውን መሠረት ትነካለች" አላቸው። ፕሮፌሰሩ ፈገግ ብለው ልክ ነዎት አሉ።

በማግስቱ የሊሾው መሰበር ድምፅ ቀሰቀሰኝ። አባቴ አልጋው የወጣበትን ያንን ክፍል ከጥግ ጀምሮ ሲቆፍር አገኘሁት። የእናቴ ቡናማ ጋቢ መስቀያ የነበረውን ሚስማር ብቻ አልነቀለውም። ሙሌቱን በባሬላ እያወጣን ለቀናት ደከምን፤ እኔ ባንድ ወገን፣ እሱ በሌላው። ጎረቤቶች ደህናውን ወለል ለምን ታፈርሳላችሁ አሉን። አባቴ "ስህተት አለበት" ይላቸዋል፣ ሌላ ነገር አይጨምርም።

ክፍሉ ሲያልቅ ያንን ሙሌት የከተተባቸውን ቤቶች በጣቱ ቆጠረ። ዘጠኝ ሆኑ። ወደ ሁሉም ሄድን። ጋዙን የማስረዳው እኔ ነኝ፤ "የሞላሁት እኔ ነኝ፣ የማወጣውም እኔ ነኝ" የሚለው እሱ ነው። አራቱ አስቆፈሩን። ሦስቱ መቆፈሩ ይቅርብን፣ መስኮት ግን አስፋልን አሉ። አንዲት አሮጊት እኔ የቀረኝ ዕድሜ ለጋዝ አይበቃም ብለው መርቀው ሸኙን። ሲቀላ መሃል ትልቅ ሱቅ ያለው ሰውዬ ግን ተቆጣ።

"ቤቴን በሰው ዘንድ ልታስጠላ ነው የመጣኸው? በዚህ ቤት አሥር ዓመት ስኖር ማን ታመመ?"

"ማንም እንዳይታመም ነው" አለው አባቴ።

"ግንበኛ ሆነህ ሥራህን ታማለህ?"

ስንወጣ አባቴ እንደ ልማዱ ማዕዘኑን አልዳሰሰም። ያ ሰው ከዓመት በኋላ ወንድሙ መጥቶ ሲመክረው ቤቱን አስቆፈረ፤ ለሥራው የጠራው ግን ሌላ ግንበኛ ነበር። አባቴ ሲሰማ "ማን ቆፈራት አይደለም ዋናው" አለ፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ ሲከፋው አይቻለሁ።

ፕሮፌሰሩ ሌላ ኩባያ ልከው ክፍላችንን እንደገና ለካን። ውጤቱ ከሌሎቹ ቤቶች የማይለይ ሆኖ ወርዶ መጣ። ለአባቴ ሳነብለት አንዴ ድገሚው አለኝ፣ ደገምኩለት። በዚያው ሳምንት አልጋውን ወደ ኋለኛው ክፍል መለሰ። ከዚያም በሚቀጥለው ቅዳሜ "ኦቾሎ እንውጣ" አለ።

አክስቴ በዓል ባልሆነ ቀን ሲመጣ ስታየው ክፉ ወሬ ይዞ የመጣ መስሏት ከደጃፏ ሳትንቀሳቀስ ቆመች። አባቴ ከተቀመጠ በኋላ ሁሉንም በራሳቸው ቋንቋ ነገራት፤ ስለ ኩባያው፣ ስለ ሙሌቱ፣ ገደሉ ሥር ስለጠየቀውና ስለተመለሰለት። በመጨረሻ "የአንቺ ቤት ጥሩ ናት ተብሏል። አንቺ ነሽ ልክ የነበርሽው" አላት።

አክስቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ድንጋይ ውስጥ ልትቀብረኝ ነው ያልኩህ ለሳቅ ነበር" አለች። "እሷን ቀብረን ከተመለስን ጀምሮ ያ ቃል ሲያንገበግበኝ ኖሬያለሁ። አንተ እሱን አስታውሰህ ከመምጣት የቀረህ መሰለኝ።"

"እኔ ደግሞ አንቺ አስታውሰሽ የቀረሽ መሰለኝ።"

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ከዚያ አክስቴ መሳቅ ስትጀምር ሳል ያዛት፣ ረጅም ሳል። ትንፋሿ ሲመለስ "ቤቴ ጥሩ ከሆነች ይሄ ከየት መጣ?" አለች።

አባቴ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ቀርከሃው በጥላሸት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ምድጃው መሃል ቤት ነው፤ ጭሱ በሣሩ ውስጥ ተሹለክልኮ እንጂ ሌላ መውጫ የለውም። "ይቺም መውጫ የላትም" አለ። "ማብሰያ ቤት ከውጭ ልሥራልሽ። ድንጋይ ባትፈልጊ የፈለግሽውን ንገሪኝ።"

ትንሽ አስባ "ከቀርከሃ ከሆነ እሺ" አለች።

ሦስት ቀን ቆየን። አባቴ ቀርከሃ መሥራት አይችልም ነበር። ድንጋይ እንደሚያነሣ ያነሣዋል፣ ሲያጥፈው ይሰነጠቅበታል። አክስቴ አጠገቡ ተቀምጣ ስንጥሩን እያቀበለች "በላይ፣ አሁን በታች፣ አይ በታች አልኩህ" ትለዋለች። አንዱን ጎን ሁለት ጊዜ አፈረሰችበት። ምንም ሳይናገር እንደገና ይጀምራል። በሦስተኛው ቀን ምድጃዋን ወደዚያ አዛወርንላት። ሳሏ ሙሉ በሙሉ ባይለቃትም ሌሊት መተኛት እንደጀመረች በኋላ ልካልን ሰማን። በገበያ ቀንም እንደ ድሮው እኛ ቤት መግባት ጀመረች።

ስንወርድ የአባቴ ጣቶች በስንጥር ተወግተው አብጠው ነበር። ከታች ሜዳው ላይ ያሉት የጫኖ መንደር ማሳዎች መታየት ሲጀምሩ ቆመና በእጁ አሳየኝ።

"እናትሽን ያገኘኋት እዚያ ነው" አለኝ። ይህንን ከዚያ በፊት ነግሮኝ አያውቅም። "የአባቷን የመስኖ ቦይ እንድገነባ ተቀጥሬ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ያፈስስ ነበር። ጠዋት ጠዋት አባቷ እሷን ይልኳታል፣ ዛሬስ ማፍሰሱ ቆመ ወይ ብላ እንድታይ።"

"ቶሎ አልጠገንከውም?"

"ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነበረች" አለ። "አንድ ወር አፈሰሰች።"